የጦርነት ፍርድ በአርካዊትና በመተማ

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳም ሥዑር ነበረ። በካርቱም ደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው በአርካዊት ሰፈር፤ እንደ ሌሎቹም የከተማይቱ ሰፈሮች፤ የሐበሻ ተወላጆች ይኖሩ ነበረ። ከእነርሱ መካከል ክርስቲያን የሆኑት 55 ቀን የጾሙትን ጾም በዚያች ሌሊት ሊፈቱ ተዘጋጅተዋል። እስላም የሆኑት ጎረቤቶቻቸው ደግሞ የረመዳንን ጾም ሊፈጽሙ ጥቂት ቀኖች ብቻ ቀርተዋቸዋል። በዚያ ቀን ጧት የመድፍ ድምፅ ተሰማ።

ተኩሱ የተጀመረው በዚያው በደቡብ ካርቱም፤ የስፖርት ከተማ በሚባለው ስፍራ እንደ ሆነ በጊዜው ተነገረ። ወዲያውም ወደ አውሮፕላን ማረፊያውና ወደ ሠራዊቱ ጠቅላይ ሰፈር ተዛመተ። በአንድ ወገን የቆመው በጄኔራል ዐብደል ፈታሕ አል ቡርሃን የሚመራው የሱዳን ጦር ሠራዊት፤ በሌላው ወገን የቆመው በጄኔራል መሐመድ ሐምዳን ደጋሎ የሚመራው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል ነው። እነዚህ ሁለት አለቆች በ2011 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ዑመር አል በሽርን ከሥልጣን በማውረድ ተባብረዋል፤ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደግሞ በሲቪሎች እጅ የነበረውን የመንግሥት ድርሻ አብረው ነጥቀዋል። ትናንት አንድ ማዕድ የቀረቡ ሰዎች ዛሬ ሲተኳኮሱ፤ ሁለቱም እውነት በእኔ ዘንድ ነው አሉ። አንደኛው የአገሪቱን ሕጋዊ ሠራዊት ከዐመፀኛ እጠብቃለሁ አለ፤ ሁለተኛው የቀድሞውን አገዛዝ ቅሪት አጥፍቼ ለሕዝቡ ነጻነት እሰጣለሁ አለ። መጀመሪያ የተኮሰው ግን እኔ ነኝ ያለ አልተገኘም።

ማን አስቀድሞ ተኮሰ የሚለው ጥያቄ የዳኛና የመርማሪ ጥያቄ ነው፤ አስፈላጊነቱም አይካድም። ነገር ግን ከእርሱ የሚበልጥና ከእርሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ደም ማፍሰስ በእግዚአብሔርም በሰውም ፊት የሚፈቀደው መቼ ነው? ፈቃዱንስ የሚሰጠው ማን ነው? የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ የአርካዊትን ሕዝብ የጠየቀው የለም። ሕዝቡ ውሃና መብራት ተቋርጦበት ጥቂት ቀን ከቤቱ ከተሸሸገ በኋላ እኩሌታው ወደ ግብጽ፤ እኩሌታው ወደ ፖርት ሱዳን፤ እኩሌታው በገዳሪፍ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ወሰን ተጓዘ። በዚህ በመጨረሻው መንገድ የሄዱት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከገላባት ተነሥተው ትንሿን ድልድይ ሲሻገሩ መተማ ገቡ። ከእነርሱ 134 ዓመት አስቀድሞ ይኸው ጥያቄ እጅግ በከበደ ሁኔታ የተጠየቀው በዚሁ በመተማ ሜዳ ነው። መልሱም የሱዳንን ብቻ ሳይሆን ከመረብ ማዶ ያለውን የባሕር ዳር አገር ዕድል ወሰነ።

አርካዊት የሚለው ስም ራሱ ወደዚያ ዘመን ይመራል። ከካርቱሙ ሰፈር በፊት ይህን ስም ይዛ የምትገኘው፤ ከሱዋኪን በላይ በቀይ ባሕር ተራሮች ላይ ያለችው ቀዝቃዛ መንደር ናት። እንግሊዞች በኋላ ዘመን የበጋውን ሙቀት ሸሽተው ይወጡባት ነበረ። በ1875 ዓ.ም. ክረምት ግን ዑስማን ዲግና የማህዲን መልእክት ይዞ የቤጃን ነገዶች ያስነሣው በዚያ ተራራማ አገር ነው። የግብጽ አገዛዝ በግብርና በጉቦ ሕዝቡን አስመርሮ ስለ ነበረ፤ ያ ሕዝብ መነሣቱ ምክንያት አልባ ነበረ ሊባል አይችልም። የተበደለ ሰው ሰይፍ ቢያነሣ ማንም ሊገረም አይገባውም፤ የሚያስገርመው፤ ሰይፉ በዳዩን አልፎ ወደ ጎረቤት ሲዞር ነው።

ወደ ጎረቤት የዞረበትንም ምክንያት በትክክል መናገር ያሻል፤ ጥፋቱ በአንድ ወገን ብቻ አልነበረምና። በግንቦት 1876 ዓ.ም. የእንግሊዙ አድሚራል ሂወት ወደ ዐድዋ መጥቶ ከአፄ ዮሐንስ ጋር ውል ተዋዋለ። በውሉ መሠረት የቦጎስ አገር ለኢትዮጵያ ይመለሳል፤ በምጽዋም በኩል የንግድ ዕቃና የጦር መሣሪያ ያለ ቀረጥ ይገባል። ንጉሠ ነገሥቱ በበኩላቸው በከሰላ፤ በአሚደብና በሰንሒት በድርቡሽ የተከበቡትን የግብጽ ወታደሮች በአገራቸው በኩል ወደ ባሕር ለማውጣት ተስማሙ። ግብጽ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ ኢትዮጵያን ልትወርር መጥታ ድል የሆነች ጠላት ናት። ጠላትን ከሞት ማዳን ክርስቲያናዊ ምሕረት ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ሆኖም ምሕረቱ ዋጋ ነበረው፤ ዋጋውም ቦጎስና የምጽዋ በር ነው። ስለዚህ አፄ ዮሐንስ እስከዚያ ቀን ድረስ የእርሳቸው ባልሆነ ጦርነት ውስጥ በትርፍ ተስፋ ገቡ ማለት ይቻላል። የተባለውም ትርፍ በእጃቸው አልቆየም፤ ቦጎስ ቢመለስም፤ በጥር 1877 ዓ.ም. እንግሊዝ እያየችና እየፈቀደች ጣሊያን ምጽዋን ያዘች። ውሉ ከተጻፈ ገና 9 ወር አልሞላውም።

ግዴታቸውን ግን ፈጸሙ። ከሰላ አስቀድማ በድርቡሽ እጅ ወድቃለች፤ የሌሎቹ ስፍራዎች ጭፍሮች ግን ወጡ። በመስከረም 1878 ዓ.ም. ራስ አሉላ በባርካ ቆላ በኩፊት ላይ ከዑስማን ዲግና ጋር ተዋግተው ድል አደረጉ። ከሁለቱም ወገን ያለቀው ሰው ብዙ ነበረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሁለቱ አገሮች መካከል የደም ዕዳ ተቀመጠ።

በኦምዱርማን በኩል የነበረው አሳብ ደግሞ ከዚህ የተለየ ነበረ፤ ክርስቲያን አንባቢም ብዙ ጊዜ አያውቀውም። እስልምና ገና ሲጀመር በመካ የተሰደዱት የነቢዩ ተከታዮች በአክሱም ንጉሥ ዘንድ ጥገኝነት አግኝተዋል። በዚህም ምክንያት ሐበሾች እናንተን እስካልነኳችሁ ድረስ አትንኳቸው የሚል ቃል ከነቢዩ እንደ ተላለፈ በእስላሞች ዘንድ ይታወቃል። ማህዲው በሰኔ 1877 ዓ.ም. ሞቶ በስፍራው የተተካው ኸሊፋ ዐብዱላሂ ይህ ቃል በፊቱ ቆመበት። በሐበሻ ላይ መዝመት ይፈቀዳልን? የሚለው ጥያቄ በኦምዱርማን የጦር ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሃይማኖት ጉዳይም ሆነ። የመዝመት ደጋፊዎች አንድ ትልቅ መልስ ነበራቸው፤ ሐበሾች ነክተውናል፤ በኩፊት ወግተውናል፤ ይልቁንም አፄ ዮሐንስ ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎን እስላሞች በግድ አጥምቀዋል የሚል ነው። ከዚያ ግዴታ ሸሽተው ወደ ሱዳን የገቡ ሰዎች ምስክሮች ሆነው ቆሙ። ኸሊፋው በመጨረሻ በራእይ ፈቃድ እንደ ተሰጠው አስታወቀ። ራእይ ለማይቀበል ሰው ይህ ማመካኛ መስሎ ይታየዋል፤ ነገር ግን ራእይ እስኪሻ ድረስ መጨነቁ ራሱ፤ ያለ ፈቃድ መዝመት ኀጢአት እንደ ሆነ ያውቅ እንደ ነበረ ያስረዳል። የወሎ እስላሞች ጉዳይ ደግሞ ማመካኛ ብቻ አልነበረም። በገዛ ሕዝቡ ላይ የተሠራ ግፍ አንድ ቀን በድንበር ላይ ለጠላት ክስ እንደሚሆን አፄ ዮሐንስ ያሰቡት አይመስልም።

ከዚህ በኋላ ያለው ነገር በፍጥነት ይነገራል፤ በፍጥነትም ተፈጽሟል። የገላባት የድርቡሽ አለቃ ወድ አርባብ ወደ ወሰኑ ወዲህ እየገባ መንደርና ቤተ ክርስቲያን ሲያቃጥል፤ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በጥር 1879 ዓ.ም. ወርደው ገደሉት፤ ገላባትንም አጠፉ፤ ሴቶችና ሕፃናትም ተማርከው ወደ ደጋ ተወሰዱ። ኸሊፋው ምርኮኞቹ እንዲመለሱለት ጠየቀ፤ የሚያረካ መልስም አላገኘ። በዓመቱ በጥር 1880 ዓ.ም. ሐምዳን አቡ አንጃ በሳር ውሃ ላይ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር ሰበረ፤ ጎንደርም ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጠለ፤ ሕዝቧንም ማርኮ ወሰደ። የመጀመሪያዎቹ ምርኮኞች ቢመለሱ ኖሮ ጎንደር ትተርፍ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ የሚመልስ የለምና። ሳይጠይቁ ማለፍ ግን አይቻልም።

አፄ ዮሐንስ በዚያን ጊዜ ዓይናቸው በሌላ በኩል ነበረ። በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ በዶጋሊ የጣሊያንን ጭፍራ ስለ ደመሰሱ ጣሊያኖች ብዙ ጦር አምጥተው በሰሐጢ ምሽግ ውስጥ ተቀምጠው ነበረ። ንጉሠ ነገሥቱ በመጋቢት 1880 ዓ.ም. እስከዚያ ወርደው ቢጠብቋቸው ጣሊያኖቹ ከምሽጋቸው አልወጡም። ከኋላ የጎንደር መቃጠልና የሸዋና የጎጃም ነገሥታት መማከር ሲሰማ ሳይዋጉ ተመለሱ። ከዚያም ወደ ጎጃም ሄደው አገሩን በጭካኔ አጠፉት። ጎጃሜው ገበሬ ንጉሡ ስለ ተማከረው ምክር የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ የተበላው ግን የእርሱ እህልና የእርሱ በሬ ነው። ቀድሞም በምጽዋ በኩል በጣሊያኖች ከብት እንደ ገባ የሚነገረው የከብት እልቂት ጀምሮ ነበረ።

በዚህ ሁሉ መካከል አፄ ዮሐንስ በዘመነ መንግሥታቸው ከጻፏቸው ደብዳቤዎች ሁሉ የሚበልጠውን ደብዳቤ ጻፉ። ጊዜው በታኅሣሥ 1881 ዓ.ም. ነው፤ የተጻፈውም ጎንደርን ላቃጠለው ለሐምዳን አቡ አንጃ ነው። አሳቡ በአጭሩ ይህ ነበረ፤ እኔ ድንበሬን ተሻግሬ ወደ አገርህ ለመግባት አልሻም፤ አንተም ወደ አገሬ ለመግባት አትሻ፤ እያንዳንዳችን በወሰናችን እንቀመጥ፤ ምንም ያላደረገ ድኻ በከንቱ አይለቅ፤ የሁለታችንም ጠላት ከባሕር ማዶ የሚመጣው ነው፤ እኔን ድል ካደረገ አንተን አይተውህም፤ ስለዚህ እርስ በርስ ከመዋጋት ተባብረን ብንቆምበት ይሻላል።

ይህን ደብዳቤ ከሕግ ጋር ማስተያየት ጥሩ ነው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 20 ወደ ከተማ ለጦርነት የቀረበ ሠራዊት አስቀድሞ የሰላም ጥሪ እንዲያሰማ ታዟል። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ነገሥታት በሚናገርበት አንቀጽ ይህን ሥርዓት ተቀብሎታል። የእስልምና የሕግ ሊቃውንትም ከውጊያ በፊት ጥሪ እንዲቀድም፤ ሴትና ሕፃን፤ ሽማግሌና መነኩሴ እንዳይነካ ይደነግጋሉ። በምዕራብ አገር ቅዱስ አውግስጢኖስ የጀመረውን ትምህርት ቶማስ ዘአኲኖ በሦስት ነገር አጠቃሎታል፤ ጦርነቱን የሚያዝዝ ሥልጣን ያለው ገዢ እንዲሆን፤ የሚወጋው ወገን በጥፋቱ የተገባው እንዲሆን፤ የሚወጋውም አሳቡ የቀና እንዲሆን። ከእርሱ በኋላ የመጡት ደግሞ ሌላ መንገድ ሁሉ ከተሞከረ በኋላ ይሁን፤ የሚመጣውም ጥፋት ከሚቀረው ጥፋት አይብለጥ ሲሉ ጨመሩበት። ሦስቱም ሃይማኖታዊ ትምህርቶች በቋንቋ ቢለያዩም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ምክንያት ማግኘት ብቻ አይበቃም። ምክንያትማ በመተማ በሁለቱም ወገን ተትረፍርፎ ነበረ።

የአፄ ዮሐንስ ደብዳቤ ከእነዚህ መመዘኛዎች በአብዛኛው ላይ ሲመዘን የሚጎድለው የለም። የጎደለው ጊዜው ነው። ከኩፊት በፊት ቢጻፍ፤ ወይም ከገላባት ምርኮኞች ጋር አብሮ ቢላክ ኖሮ ሌላ ድምፅ በኖረው። በ1881 ዓ.ም. ሲደርስ ግን ጻፊው ከሰሐጢ ሳይዋጋ የተመለሰ፤ ነገሥታቱ የከዱት፤ ልጁን ራስ አርአያ ሥላሴን በቅርብ የቀበረ ንጉሥ ነው። ደብዳቤን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ የሚመልሱ ሰዎች እንደሚያውቁት ከሁሉ የሚያስቸግረው ቃል የትሕትና ቃል ነው፤ ወሰን ሲሻገር ፍርሃት መስሎ ይነበባል። አቡ አንጃም እንዲሁ አነበበው። የላከው መልስ ስድብና እስልምናን ተቀበል የሚል ትእዛዝ ነበረ። እርሱ ራሱ ብዙም ሳይቆይ በዚያው ወራት ታሞ ሞተ፤ በስፍራው ዘኪ ጡማል ተተካ፤ የሞተው ሰው ስድብ ግን በሕይወት ቀረ።

እዚህ ላይ ነው ፍርዱ የሚከብደው። አፄ ዮሐንስ በሦስት ወገን ተከብበው ነበረ፤ ጣሊያን በባሕር በኩል፤ ሸዋ በደቡብ፤ ድርቡሽ በምዕራብ። የጎንደር አመድ ገና አልቀዘቀዘም፤ ምርኮኞቿ በኦምዱርማን ገበያ ናቸው። የአገሩን ሕዝብና የእምነቱን ቤት ለመጠበቅ የሚዘምት ንጉሥ በየትኛውም ሕግ አይወቀስም፤ ጎጃምን ባጠፋበት ሠራዊት ድርቡሽን ሳይወጋ ቢመለስ ኖሮ፤ በክርስቲያን ላይ ብቻ የሚበረታ ንጉሥ ተብሎ ይቀር ነበረ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ በደብዳቤው ውስጥ የተጻፈውም እውነት ነበረ፤ የአቡ አንጃ ስድብም ያን እውነት ሊሽረው አይችልም። ከባሕር የሚመጣው ጠላት ከስድቡ በፊት እንደ ነበረ ከስድቡም በኋላ በሰሐጢ ተቀምጧል። ድኻውም ከስድቡ በፊት እንደ ነበረው ድኻ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ጎንደር ቢዘምቱ ፍትሕ ነው፤ ስለ ስድቡ ቢዘምቱ ግን ራሳቸው የጻፉትን በራሳቸው እጅ መፋቅ ነው። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንዳነሣሣቸው በሰው ልብ ውስጥ ያለ ነገር ስለ ሆነ መናገር አይቻልም። ቶማስ ዘአኲኖ ቅን አሳብን በመጨረሻ ያስቀመጠው ምናልባት ከውጭ ሊመረመር የማይቻለው እርሱ ስለ ሆነ ይሆናል።

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ቅዳሜ ቀን፤ ከመቶ ሺህ ይበልጣል የተባለው የኢትዮጵያ ሠራዊት በእሾህ አጥር የተከበበውን የመተማ ሰፈር ወጋ። አጥሩ ተጥሶ ድሉ የቀረበ በሚመስልበት ሰዓት ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቆሰሉ። ወሬው በተሰማ ጊዜ ጦሩ ፈታ፤ እርሳቸውም ራስ መንገሻን ወራሽ አድርገው በማግሥቱ ዐረፉ። ድርቡሾች አስከሬኑን የያዘውን ጓዝ አትባራ ወንዝ አጠገብ ደርሰውበት ማረኩት፤ ራሳቸውንም ቈርጠው ወደ ኦምዱርማን ላኩት።

የቀረውን የባሕር ዳሩ አገር ሰው ከአባቶቹ ሰምቶታል። በዚያው ዓመት በሚያዝያ የውጫሌ ውል ተፈረመ፤ በግንቦት ማብቂያ ጣሊያኖች ከረንን ያዙ፤ በሐምሌ አስመራ ወጡ፤ በታኅሣሥ 1882 ዓ.ም. የያዙትን አገር ሁሉ ኤርትራ ብለው በአዋጅ ቅኝ ግዛት አደረጉት። በሰሐጢ ምሽግ ለመውጣት ፈርተው የተቀመጡት ሰዎች አስመራ የደረሱት ከባድ ጦርነት ሳያደርጉ ነው። ክፉ ቀን የተባለው ረኃብም በሁለቱም ወገን ያለውን ሕዝብ አጨደው። በሱዳንም የዚያ ዘመን ረኃብ በሂጅራው ዓመት በ1306 ስም እስከ ዛሬ ይታወሳል። ገበሬው ዘምቶ፤ በሬው አልቆ፤ ጎተራው በሠራዊት ተበልቶ፤ ማን ያርስ?

ኸሊፋውም በድሉ ብዙ አልተደሰተም። ከዘኪ ጡማል ሠራዊት የተመረጠው ክፍል በመተማ አልቋል። ከዐድዋ ድል በኋላ አፄ ምኒልክና ኸሊፋው መልእክተኛ ተላልከው ስለ ሰላም ተነጋገሩ፤ የተነጋገሩበትም አሳብ ከአፄ ዮሐንስ ደብዳቤ እጅግ የራቀ አልነበረም። ጊዜው ግን አልፏል። በነሐሴ 1890 ዓ.ም. የኪችነር ጦር መትረየስና የጦር ጀልባ ይዞ ኦምዱርማን አጠገብ በከረሪ ሜዳ ላይ ሲቆም፤ በአንድ ጧት 10 ሺህ ያህል የድርቡሽ ወታደር ወደቀ። እኔን ድል ካደረገ አንተን አይተውህም የሚለው ቃል ከተጻፈ 10 ዓመት አልሞላውም። ኸሊፋው ራሱ በኅዳር 1892 ዓ.ም. ተገደለ።

የካርቱሙም ጦርነት የሰላም ወረቀት አላጣም። ተኩሱ በተጀመረ በ4ኛው ሳምንት፤ ግንቦት 3 ቀን 2015 ዓ.ም.፤ የሁለቱ ወገን መልእክተኞች በጂዳ ተገናኝተው ሰላማዊውን ሰው ለመጠበቅ፤ ሆስፒታልና የውሃ መስመር ላለመንካት በፊርማቸው ተስማሙ። ወረቀቱ ጥሩ ነበረ። የተፈረመው ግን እያንዳንዱ ወገን ጥቂት ቀን ቢጨምር እንደሚያሸንፍ በሚያምንበት ሰዓት ነው፤ ስለዚህ እንደ አቡ አንጃ የሰላሙን ቃል የድካም ምልክት አድርጎ ማንበብ ለሁለቱም ቀላል ሆነ። ሠራዊቱ ካርቱምን መልሶ እስከ ያዘበት እስከ መጋቢት 2017 ዓ.ም. ድረስ ወደ ሁለት ዓመት ያህል አለፈ። ከዚያም ወዲህ ጦርነቱ በሌሎች የሱዳን አገሮች ቀጠለ። ከቤቱ የተፈናቀለው ሕዝብ ከ10 ሚሊዮን በላይ መድረሱን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አስታውቋል።

ከአርካዊትና ከሌሎቹ ሰፈሮች ወጥተው በ2015 ዓ.ም. በሚያዝያና በግንቦት መተማ የደረሱት ሰዎች፤ ሱዳናዊም ሐበሻም፤ ድልድዩን ከተሻገሩ በኋላ ተራ ይዘው ስማቸውን አስመዘገቡ። ከመጡበት መንገድ ርዝመት የተነሣ ልብሳቸው በአቧራ ቀልቶ ነበረ። ያ ስፍራ በ1881 ዓ.ም. የእሾሁ አጥር ከቆመበት ሜዳ ሩቅ አይደለም።